ባዶ መድረክ

ሁፉፍ ጣቢያ፣ ከትኬት መስኮቱ ፊት ለፊት፣
ሃያ አራት ፎቶ ሰቀሉ ባለፈው ጁምዓ ሌሊት።
ከአርባ አገር ተወዳድሮ፣ ተመርጦ፣ ተጣርቶ፣
የዓለም ባቡር ሁሉ ሳያፏጭ ገባና
ግድግዳ ላይ ቆመ፣ ትንፋሹን ገትቶ።

የኔ ድርሻ መስታወቱ ነው፤ ጨርቅና የሚረጭ ውሃ።
ሰው ፎቶ የሚያይ በዓይኑ ይመስላችኋል? በጣቱ ነው።
ተምር የበላ ሕፃን መዳፍ፣ ሽቶ የነካ እጅ፣
አንድ ሽማግሌም አሉ፣ በምርኩዛቸው ጫፍ
ፉርጎ የሚያስቆጥሩ ለልጅ ልጅ።
ስለዚህ አውቃቸዋለሁ፣ ከዳኞቹ በላይ፤
በቀን ሦስት ጊዜ
አፍንጫዬ መስታወቱ ላይ።

ማዕረግ ያላገኙትም አሉ፦
ጭስ ማውጫው ላይ ወፍ ጎጆ የሠራበት የዛገ ሎኮሞቲቭ፤
የአንድ ሹፌር ፊት፣ ግማሹ ጥላሸት፣ ግማሹ ሳቅ፤
መሻገሪያው ላይ የቆመች ሙሽራ፣
ቬሏ ባቡሩ በለቀቀው ነፋስ ሲርቅ።

ሦስተኛ የወጣችው ትንሽ ሰማያዊ ባቡር ናት፣
ሻይ ቅጠል በለበሰ ተራራ ላይ ዝናብ የያዛት፤
ከበሯ የተንጠለጠለ ጎረምሳ አንድ እግር ጫማው አምልጦት፣
ጫማው አየር ላይ ነው ገና፣
መሬት አልነካ፣ እሱም አልደረሰበት።

ሁለተኛው በረዶ ነው። በረዶ ብቻ፣ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ።
ሞፊዙል «ፋኖስ ነው» ይላል፣ እኔ «የሴት ሻሽ ነው» እላለሁ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ግብግብ።

አንደኛው ግን —
አንደኛው የኛው ቤት ነው።
ሁለተኛው መድረክ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል፣
ሰማዩ ወለሉ ላይ ወርዶ የሮማን ልጣጭ ሲመስል፤
ሐዲዱ ሁለት ክር፣ ባቡሩ ከሩቅ በመርፌ ቀዳዳ ሲያልፍ፣
ሰው የሚባል የለም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ስሙም «ባዶ መድረክ» ነው።

ዳኞቹ የጻፉትን ራፍዓት አነበበልኝ፤
«የሰው ኮቴ ያልነካው ዝምታ» ይላል፣
«በረሃው በቸርነቱ ወለሉን መስታወት አደረገው» ይላል።
በረሃው!
ያን ሌሊት በረሃው የሰጠን አሸዋ ነው፣
ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ እንደ ዱቄት የላመ፤
ከእኩለ ሌሊት ጀምሬ ጠረግኩት፣ ወገቤ እየታመመ።
ስድስት ባልዲ ውሃ አፍስሼ ሰባተኛውን ስቀዳ
መጣ አንድ ባለካሜራ፣ እንቅልፍ የናፈቀው እንግዳ።
እጁን እንዲህ አደረገ፣ ዝንብ እንደሚያባርር —
አይ፣ አልዋሽም፣ በትሕትና ነበር።
ፈቀቅ አልኩ።
ከምሰሶው ጀርባ፣ ባልዲዬን አቅፌ፣
አርባ ደቂቃ ቆምኩ፣ ከክፈፉ ተርፌ።
ውሃው እንዳይደርቅ ለመንኩ፤ ለሱ ፎቶ ብዬ አይደለም፣
ሳይወለወል ከደረቀ ነጭ እድፍ ይተዋል፣
ራፍዓት ደግሞ ይቅርታ አያውቅም።
ከዚያ ፀሐይ መጣች፣ እርጥቡ ላይ ተኛች፤
ካሜራው አንዴ «ቀጭ» አለ፣ እሷም ተነሣች።

አባቴ ኤረር ጎታ ላይ ሐዲድ ቀያሪ ነበር፤
ፈረንጅ መንገደኛ ከመስኮት ባነሣው ፎቶ ሁሉ
ክንዱ አለች ይባላል፣ አረንጓዴ ባንዲራ ይዛ፣
የቀረው አካሉ ከጠርዙ ወዲያ ሲቀር።
እኔ ክንድ እንኳ የለኝ፤
እኔ ወለሉ ላይ ያለው እርጥበት ነኝ።

ሽልማቱን ሲሰጡ አጨበጨብኩ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፤
ድምፁ ጭብ፣ ጭብ አለ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ።

ዛሬ ግን ስወለውል አንድ ነገር አየሁ፤
ከምሰሶው ሥር፣ ጥፍር በሚያህል ጥላ ውስጥ፣
የባልዲዬ እጀታ፣ ግማሽ ቀለበት።
ዳኞቹ አላዩትም፤ ባለካሜራውም
ወይ ራርቶለት፣ ወይ ሳያውቅበት።
ለሞፊዙል አሳየሁት፤ «ቱቦ ነው» አለ።
በሉ እንግዲህ፣ ሌላ ሦስት ቀን።
ራፍዓት በሬዲዮ ይጮኻል፣ «አፈንዲ! ሁለተኛው መድረክ!»
የደማሙ ባቡር ሊገባ ነው፤ ነፋሱ ከደቡብ ዞሯል፤
አሸዋው እዚያ፣ በቦታዬ ላይ፣
መተኛት ጀምሯል።