ከወንዙ ወዲህ፣ ከወንዙ ማዶ

ቦርሳዬ ውስጥ ካርታ፣ ጠመኔ፣ ሁለት እርሳስ፣
ቦት ጫማዬ ጭቃ ሲጎርስ፣ ጭቃ ሲመልስ፣
ከዴዶ ወርጄ ኡርጋ ወንዝ ዳር ስደርስ
ረፍዷል፤ ፀሐይ ግን ገና አልወጣችም፣
የጅማ ክረምት ነው፣ ቀጠሮ አታከብርም።

መንደሩ ስም አለው፤ ሰዉ ይጠራዋል፣
የኔ ወረቀት ግን በአሃዝ ያውቀዋል፦
ለክልሉ ሁለት፣ ሁለት ለዞኑ፣
ሁለት ለወረዳው፣ ሦስት ለቀበሌው።
እንደ በቆሎ ልባስ ቁጥሩን ልጬ ልጬ
አንዲት ፍሬ ጎጆ ላይ ቆምኩኝ አፍጥጬ።

የአዴ ሩቂያ አባ ቦር ቤት፣
አጥሩ ሰንሰል፣ በሩ የዋንዛ እንጨት፣
በሩ እርጥብ ነው፣
ካርታው ላይ ነጥብ የላት።

«ያለፈውም ቆጠራ እንዲሁ ነው የሆነ።
ካርታ ሲሳል ኡርጋ ከጓሮዬ ነበር፤
ሁለት ክረምት ጠጥቶ እንደ ሰካራም ዞረ፣
አሁን በደጃፌ ያልፋል እያጉረመረመ።
የማዶው ቆጣሪ፣ ‹ወዲህ ናት› አለ፣
የወዲሁ ቆጣሪ፣ ‹ማዶ ናት› ብሎ ዋለ።
ልጄ፣ እኔ ምን አደረግኩ?
ወንዙ ነው የተሻገረው፣ እኔ አልተሻገርኩ።
እዚሁ ተድሬ፣ እዚሁ ወልጄ፣
ማዳበሪያ ሲታደል ስሜ እየታጣ
ከሰልፍ እየወጣሁ ገባሁ ከደጄ።»

«ትናንት ሌሊት» አልኳት፣ «እዚህ ቤት ማን አደረ?»
ደንቡ ነው። ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል።
የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ቋጠሮ ነበረ።
ሰባት የበቆሎ ፍሬ መዳፏ ላይ።
«ይቺ ኑሪያ፣ ይሄ ፉአድ፣ እነዚህ መንታዎቹ፣
ይሄ ሽማግሌው፣ ይቺ እኔ።»
ሰባተኛው ላይ ጣቷ ቆመ፤
ነቀዝ የበላው ነው፣ ልቡ ቀዳዳ።
«እሱን አትጻፈው፤ በጥቅምት ነው የሄደው።
አትጻፈው። እኔ ግን አልጥለው።»

ስድስት ብዬ ቆጠርኩ፤
እሷ ሰባቱንም መልሳ ቋጠረች።

ማታ ድልድዩ ላይ ሙዘይንን አገኘሁት፣
የማዶው ቀበሌ ቆጣሪ ነው፤ መዝገቡን አየሁት፦
ሩቂያ አባ ቦር። ስድስት ሰው። ሣር ክዳን።
ለካ በማለዳ ደርሶ ጽፎ ሄዷል፣
በሩ ላይ ያሰፈረውን ዝናብ ልሶታል፣
እሷም ዝም አለች። ማን ይፈርድባታል?
ያኔ ከሁለቱም ቀበሌ የታጣች
አሁን እዚያም እዚህም ሰው ሆና ተገኘች።

ጅማ ቢሮው ገባን። ተቆጣጣሪው በቀይ አከበበ፦
«አንድ ቤት፣ ሁለት መለያ ቁጥር! አይሆንም። አንዳችሁ ሰርዙ።»
ላጲሱን ጠረጴዛው መሃል አኖረ።
ሙዘይን መስኮት መስኮቱን፣
እኔ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ።
ውጪ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።