ከመዝገብ የወጣ

ጦሳ ጉሙን ለብሶ ደሴ ሲያካፋባት
ቤተ መጻሕፍቱን ከፈትሁት በጠዋት።
ሐምሌ ነው፤ መስኮቱ ላብ እንዳለው ግንባር
ጠብ ጠብ ይላል ውሃ ከመደርደሪያው ዳር።
ጠረጴዛዬ ላይ ማኅተም ተቀምጧል፣
ቀይ ቀለም ከጎኑ፤ መመሪያም ተለጥፏል፦
«አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ያልተዋሰው
ከመዝገብ ይውጣ።» ትእዛዙ አጭር ነው።

እውነት ነው፣ ቤቱ ሞልቷል። ኮሪደሩ ላይ
ዐሥራ አራት ካርቶን አለ፣ የባሕር ማዶ ሲሳይ፤
በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት፣
የማላውቀው አገር የቤት ግብር ሕግ፣ ያውም የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣
ድሮ ለሞተ ኮምፒውተር የአጠቃቀም መመሪያ።
ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ አይወረወርም መጣያ።

የሆጤ ተማሪዎች ከበሩ ላይ ቆመው
«የዐሥራ ሁለት ፊዚክስ አለ?» ነው ጥያቄያቸው።
አለ፤ አንድ ቅጂ ለአርባ፣
ጀርባውን በማዳበሪያ ክር የሰፋሁት አምና ዝናብ ሲገባ።
በጀቱ አንድ መደርደሪያ አይሞላም፤
ጨረታ ያሸነፈውም የሚያመጣው ያለውን እንጂ የጠየቅሁትን አይደለም።

መምረጥ ከሩቅ ሲያዩት ሙያ ይመስላል፤
ቀርበው ቢላ ሲይዙ ብልቱ ይጠፋል።
አንዱን አንስቼ አሸታለሁ፤ ሻጋታ ነው ወይስ ዕድሜ?
ማታም ይዘረዝራል የመደርደሪያ ቁጥር ሕልሜ።

አምና አንዲት ቀጭን መጽሐፍ፣ ስለ ሐይቅ ዓሣና ወፍ፣
አይጥ የቀመሳት ከጫፍ፣
ሽፋን የሌላት፣
ዷ! አደረግሁባት።
ሳምንት ሳይሞላ ጦይባ መጣች ከሐይቅ ተሳፍራ፣
ጠየቀችኝ ያችኑ፣ ወፍ በወፍ ቆጥራ።
«የለም» አልኋት፤ መዝገቡም «የለም» ነው የሚለው።
ሰኞ ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ ጥቅልሉን ስፈታው
የራሴን ማኅተም አየሁ፤ ከሥሩ የወፍ እግር፣
ቀሪው አካሏ በሌላ ሰው ጥቅልል ሳይሆን አይቀር።

ዛሬ ተራው የውሃ ወፍጮ አጠጋገን ነው።
ሞተር ከገባ ወዲህ ድንጋይ ማን ይወቅራል? ማን ያንብበው?
ማኅተሙን አነሳሁ፤ ግን ለደንቡ፣ ላጣራ ጠንቅቄ
ካርዱን ከኪሱ ሳብሁ፣ መነጽሬን አጥልቄ።
አራት መስመር፤ አንድ ስም፣ አንድ እጅ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፦
እንድሪስ አራጌ። ሌላ አንባቢ የለም።
እንድሪስ፣ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የኖረ፣
እህል አስጭኖ ወፍጮ ቤት ሄዶ ያላደረ
የፒያሳ ልጅ!
በየአምስት ዓመቱ፣ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው
ተውሶ፣ በማግስቱ መልሶታል፤ ቀኑ ተጽፏል፣ ይኸው።
የመጨረሻው፣ ጡረታ የወጣ ዕለት፤
ነገ አምስት ዓመቱ ነው፣ ኮሚቴው የሚቆጥርበት።

ሌላ ሳብሁ፤ የበቅሎ በሽታ። እንድሪስ።
የሸክላ ዕቃ አተኳኮስ። እንድሪስ።
የቦርከና ጎርፍ ልኬት፣ ሠንጠረዥ ብቻ፤ እንድሪስ፣ እንድሪስ፤
ለካ ይህ ግድግዳ ሁሉ ቆሟል በአንድ ሰው እስትንፋስ።
ሐሰተኛ ልበለው፣ መዝገብ ያበላሸ?
ወይስ አስታማሚ፣ ከአልጋ ያልሸሸ?

ባዶዋ መስመር ላይ ጻፍሁ፤ ከድጃ ይመር።
ደንቡ ለአንድ ሰው ሁለት ነው፤ ሠላሳ ሰባት ቀረኝ ስቆጥር።
በር ላይ ጋሽ ሙሔ፣ ዘበኛው፣ ዝናቡን ያያሉ።
«ጋሼ፣ የተዋሽ ካርድ አውጥተው ያውቃሉ?»
«ፊደል ሳልቆጥር?» ይላሉ፣
ይስቃሉ።
«ጣትዎን ብቻ» አልኋቸው።
ማኅተሙን ወዲያ ገፍቼ ቀዩን ቀለም አቀረብሁላቸው።