ሰባት ነጥብ፣ ሲቀነስ ሁለት

ጁቤይል፣ ግንቦት ላይ፤ ከቧንቧው ክምር ጥግ ክሊኒኬ ቆሟል፤
ክሊኒክ ከተባለ፦ አንድ ኮንቴይነር ነው፣ ቀትር ሲሆን ግድግዳው ይፋጃል።

በመድኃኒት መዝገቤ የጀርባ ገጽ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ፤
አግድም ሙቀቱን፣ ሽቅብ ደግሞ የወደቁትን ቆጠርኩ።
(ግራፍ ላይ የወደቀ ሰው ሽቅብ ነው የሚጻፈው።)
አርባ ዲግሪ፣ ማንም፤ ነጥቡ መሬት ላይ ነው።
አርባ አንድ ላይ ሁለት። ከዚያ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት።
አርባ አምስት ላይ አራት፤
ከአራቱ አንዱ ኑርሁሴን፣ የወረባቦው፣ መሰላል ላይ ሳለ
መፍቻው ቀድሞት ወርዶ፣ እሱም ሳይቸኩል ተከተለ።
በመጨረሻው ቀን፣ አርባ ስድስት ላይ፣ ሁለት ብቻ።

ኢንጂነር ፋውዚ መጣ፤ ገጹን ገለበጠ፤
«አጋጣሚ ነው ሲስተር፤ ቁርስ ሳይበሉ ነው» ብሎኝ ተቀመጠ።

እሺ። ፈተናው ራሱ ለፋውዚ ወግኖ ነው የሚነሳው፦
ፀሐይ ሰው አትጥልም እንበል፤ ተዳፋቱ ዜሮ ነው።
ደሴ ኮሌጅ የተማርኩትን ቀመር በስልኬ አሰላሁ፤
ለአንድ ዲግሪ ጭማሪ ሰላሳ ዘጠኝ መቶኛ ሰው አገኘሁ።
ግማሽ እንኳ ያልሞላ። ከፊል ሰው።
የቱ ከፊሉ ይሆን? ጉልበቱ? ጣቱ? ወይስ ለእናቱ የሚልከው?

ለራሱ ስህተት አካፈልኩት፦ ሁለት ነጥብ ዜሮ ስድስት።
ሠንጠረዡን ልከፍት
ስል፣ መጀመሪያ ከሰባቱ ነጥብ ሁለት ነጻነት ይቀነሳል፤
አንዱ ለመነሻው፣ አንዱ ለተዳፋቱ ይከፈላል፤
አምስት የነጻነት ደረጃ ይተርፋል።
ሳቄ መጣ። እኔ ስገባ የነበረችኝ አንዲት ናት፣
ፓስፖርት የሚሏት፤
እሷም ከከፊሌ መሳቢያ ከገባች ሦስት ዓመት።

ሠንጠረዡ ሁለት ነጥብ አምስት ሰባት ይጠይቃል።
አልደረስኩም።
«ዜሮን መጣል አልተቻለም» ብዬ ጻፍኩ፤ «ዜሮ ነው» አላልኩም።
ምስክር አነሰ ማለት ሌባ የለም ማለት አይደለም።
ፋውዚ ግን አንዲት ቃል ብቻ ለቀመ፤
«ዜሮ!» አለና ፈረመ።

ሌሊት ቀመሩ የሚሻውን ነገረኝ፦ ነጥብ ጨምሪ፤
አንድ ሳምንት ጠብቂ፤ ሲወድቁ ቁጠሪ።
እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንዲት ሽርፍራፊ ቁጥር፣
ራሴን ያዝኩት፣ ሦስት የሚወድቁ ሰዎች ስመኝ በምሥጢር።

ሲነጋ ከዓሣ ገበያው ስድስት ከረጢት በረዶ ገዛሁ፤
ከመሰላሉ ሥር አሮጌ ሸራ ዘረጋሁ።
አርባ ስድስት ሆነ፤ አንድ ሰው። አርባ ሰባት ሆነ፤ ማንም።
መስመሬ ተኛ።
ፋውዚ በበሩ ሲያልፍ፦ «አየሽ? አልነገርኩሽም?»
አየሁ አልኩት።
ግራፉ በረዶ የሚጻፍበት መስመር የለውም።

ኑርሁሴን ቁራጩን ግንባሩ ላይ ይዞ፣ ውሃው በአገጩ ይንጠባጠባል፤
«ሲስተር፣ ዛሬስ የት ላይ ጻፍሽኝ?» ይላል።
እኔ እርሳሴን
ከበረዶው ከረጢት ውስጥ እየፈለግሁ ነው።