መብራቱ ከጠፋ በኋላ

መብራቱስ ጠፍቷል፤ ያ ቢጫ ምልክት፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ያፈጠጠባት።
እትዬ ያልጋነሽ ቦርሳዋን ከፍታ
«ስንት ልክፈል?» አለች፣ በሩን ተጠግታ።
«ነገ ከሰዓት ቴስት፣ ማታ ደግሞ ሥራ፣
ሆስፒታል ነው የማድር፣ አታቆየኝ አደራ።»

«ቆይ» አልኳት። «ገና ነው።
መብራት ማጥፋትማ ምን ችግር አለው?
ኤሊራን እንኳ፣ ትናንት የተቀጠረው፣
ኮምፒውተሩን ሰክቶ አንዴ ቢጫነው
ስህተቱ ይሰረዛል፤ ሕመሙ ግን ያው ነው።»

ማርሚታዋ ሥር በጀርባዬ የዋልኩት፣
የዛገውን ብሎን በእሳት ያላቀቅኩት፣
ጥላሸት የጠጣ አሮጌውን ሴንሰር
ነቅዬ በአዲስ የቀየርኩት ነገር፣
ግምት ነው ሁሉም፣ መንገድ ካልመሰከረ፤
በሚኒሞ የቆመ ሞተር መቼ ዋሽቶ አፈረ?

ከአፉላ ወጣን ወደ ቤት ሸአን፣
እሷ ከጎኔ፣ ከኋላ ኤሊራን፣
ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ እንደ ዶሮ ታቅፎ።
ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ… እዚያው ላይ አርፎ
እግሬ አይጨምር፣ አይቀንስ፤
የጭነት መኪናው ከኋላ ጡሩምባ ቢነፋ፣ ቢያለቅስ፣
እኔ ሰማንያ ነኝ።

በቀኝ ጊልቦዓ በበጋ ገርጥቶ፣
በግራ የዓሣ ኩሬ ሽመላ ሞልቶት፣
«ምን እየጠበቅን ነው?» አለች እትዬ ያልጋነሽ።
«ምስክር» አልኳት። «ሁለት አሉልሽ፤
አንዱ ከጭስ ማጣሪያው በፊት፣ አንዱ ከኋላው።
የፊተኛው ሲዋዥቅ የኋለኛው ከረጋ፣
ማጣሪያው ጤነኛ ነው።
ሁለቱ አንድ ዓይነት ካወሩ፣ ያኔ ነው የሚያሰጋ።»

ሳቀች። «እንደኛ ሽማግሌዎች» አለች።
እኔ አልሳቅኩም።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ነዳጁን ለቀቅኩ፣
ፍሬን ግን አልነካሁ፤
መኪናዋ በራሷ ክብደት እየወረደች፣
ነፋሱ ብቻ እየተሰማ፣
ወንድሜ ዘውዱ ትዝ አለኝ፤ የአምናው፣ የአባታችን ተዝካር ማግሥት፣
ሽማግሌ ገብቶ፣ ጉልበት ስመን፣ አንገት ለአንገት
ተቃቅፈን፣ «ይቅር» ተባብለን የተለያየንበት።
መብራቱ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ።
ከዚያ ወዲህ ግን እኔና እሱ
አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አብረን አልነዳንም።
ማን ያውቃል ምን እንደሚጨስ?

ቤቱ ከአደባባዩ አምስት ደቂቃ ነው።
አደባባዩን ዞርኩ።
«የት ልትሄድ ነበር?» አለች፣ መሪውን አይታ።
«የትም።»

ኤሊራን ከኋላ ቆጠረ በጣቱ፦
«ይሄም አለቀ፣ ይሄም። አንድ ቀረ፣ የነዳጅ ትነቱ።»
«እሱ ዛሬ አይናገርም» አልኩ፤ «ሌሊቱን ቆማ
ብርድ ካልመታት፣ ታንኩም ግማሽ ካልሆነ፣ አይሰማ።»
«ታዲያ ዛሬ አልወስዳትም?»
«ብትወስጂ መብራቱ አይበራም፤ ማንም አያውቅብሽም።
እኔ ግን 'ድናለች' ብዬ አልፈርምም።»

ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፣
ወደ አውቶቡሱ እየሄደች
«አንተ ሰው፣ ግትር ነህ» አለች።
ቁልፉን ግን ትታው ነው የሄደች።

ጋራዡን ስዘጋ መሽቷል።
ነገ ንጋት ላይ፣ ማንም ሳይነካት፣ በቀዝቃዛው
አስነስቼ በዚያው መንገድ እወስዳታለሁ።
አደባባዩ ጋ ስደርስ… እንጃ፣ እናያለን።
የነዳጅ ክዳኑን ዞር አድርጌ አጠበቅኩ፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣
አንዴም ደግሜ፣ ቀጭ።