የከረጢቱ ነገር

ሐሙስ ነው፣ ማለዳ፤ ጌንት ዝናብ ለብሳለች፤
ትራሟ ራቦት ላይ በሯን ከፍታለች።
ጥቂት ሰው ወረደ፣ ብዙ ሰው ገባ፣
ጃንጥላው በሰው ጫማ ላይ እያነባ።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ መስኮት ተደግፌ፣
ግማሹን አይቼ፣ ግማሹን አልፌ።

ጎደሊቭ የሚሏት፣ ሰማንያ የዘለቀች፣
ጎኗ ባለው ወንበር ከረጢት ያኖረች፤
ግራ ጆሮዋ ከሥራ ከወጣ ቆይቷል፤
ቀኙም እንደ ባላባት ሲሻው ይሰማል።

ክሪስፔን ኢሉንጋ፣ ሌሊቱን በሙሉ
አንሶላ ሲያጥብ አድሮ በሆስፒታሉ፣
ሰማያዊ ካፖርት እስከ አንገት ቆልፎ
መጣ ወደ ወንበሯ፣ ሰውን በጎን አልፎ።

ያን ጊዜ እጇ ሄደ። ያየሁት ይኼ ነው፦
ከረጢቱን አንሥታ ጭኗ ላይ አቀፈችው።
ለእሱ ቦታ ሰጥታ? ከእሱ ንብረት ሸሽጋ?
እጅ ምላስ የለው፣ አይናገር ሲዘረጋ።

«እናቴ» አለ ቆሞ፣ ድምፁ የተገራ፣
«እኔ ሌባ አይደለሁም፤ መምጣቴ ነው ከሥራ።»
እሷ ካፖርቱን አየች፣ የናሱን ቁልፍ አየች፤
«ተቆጣጣሪ ነው» ብላ ደነገጠች።
«ቲኬቱማ አለኝ፤ አንዴ ታገሠኝ፤
ከእንቁላሉ ሥር ነው፤ አታጣድፈኝ!»
ዘረገፈች ሁሉን፦ ሽንኩርት፣ የዓይን ጠብታ፣
የሟች ባሏን ጫማ ከጋዜጣው ፈትታ።
እሱ ግን ያነበበው ሌላ ነው ነገሩ፦
«መስረቅ ካማረህማ፣ ይኸው ነው ዝርዝሩ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሰማ እንጃ።

«ሁሉን አየሁ!» አለች ማርሌን፣ ድምፅዋ ጣራ ነካ፤
ዓይኗ የነበረው ስልኳ ላይ ነው ለካ።
ባለ ኮፍያው ዊምም ተነሣ ተቆጥቶ፦
«ሰው ዘር ሳይጠራ አይወርድም ትራም ውስጥ ገብቶ!»
ሾፌሩ ሴልቹክ ፍሬኑን ያዘና
ብቅ አለ ከመስተዋቱ፦ «ወይ ተቀመጡና
እንሂድ፣ ወይ ውረዱ።» ከዚህ በላይ አላለ።
አንዱ «የእነሱ ወገን» አለው፤ ሌላው «የእነዚያ» አለ።
አባቱ ከተማው ጨርቅ ፋብሪካ ያረጀ፣
እሱን ሁለቱም ወገን በአንድ አፍታ ፈረጀ።

እኔስ? እኔማ እጇ ጭኗ ላይ ሳይደርስ
ፈርጄ ጨርሼ ነበር፣ ያለ ምስክር፣ ያለ ክስ።
ለማን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።

ክሪስፔን ወረደ፣ ሁለት ፌርማታ ቀርቶት፣
በዝናቡ ሄደ፣ ካፖርቱ ከብዶት።
ምናልባት ማክሰኞ ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲያይ
ዘበኛው ተከትሎት ከመደርደሪያው ላይ፣
ያኔ የዋጠው ቃል ሆዱ ውስጥ ውሎ አድሮ
ሐሙስ ዕለት ወጣ፣ አድራሻውን ቀይሮ።
(የማክሰኞው ዘበኛ ይኼኔ ቁርሱን ይበላል፤
ደብዳቤው የእሱ ነበር፤ ሌላ ሰው ተቀብሏል።)

ጎደሊቭም ቤቷ (ይኼም ግምት ነው የእኔ)
ከረጢቷን ወንበር ላይ ታኖራለች ይኼኔ።
ከዚያ ታነሣለች። ትመልሳለች። ታነሣለች።
«ቦታ ልስጠው ብዬ ነው» ትላለች፤ ትደግማለች፤
አራተኛው ላይ ግን ዝም ትላለች።
እጇን ታየዋለች፣ እንደ አንድ ጎረቤት፣
ሰማንያ ዓመት አብሯት ኖሮ ያልገባችበት ቤት።

በሌላው ሐሙስ፣ እዚያው መስኮት ሥር፣
ቦርሳዬን ከጎኔ አኑሬ ነበር።
ትራሟ ራቦት ስትቀርብ፣ በሩ ሳይከፈት፣
ማን እንደሚገባ ሳላውቅ በፊት፣
ብድግ አድርጌ ጭኔ ላይ አቀፍሁት፣
ማንም ምንም እንዳይለኝ።

ቆሞ የሚሄድ በዛ፤ ማንም አልተቀመጠ፤
ባዶው ወንበር እስከ ኮረንማርክት እኔ ላይ አፈጠጠ።