የአይጥ መድኃኒት

ሽንብጥ መታጠፊያ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት፣
አንድ ልጅ ይጮሃል፣ ጉሮሮው ሻክሮበት፤
«የአይጥ መድኃኒት! የትኋን መድኃኒት!
ማታ የቀመሰች አታነጋም ሌሊት!»

እኔም ቅዳሜ ለት ጠርቼ ገዛሁት፣
በነጠላዬ ጫፍ እንደ ሳንቲም ቋጠርሁት።
ከአልጋዬ ሥር አንዲት አይጥ ገብታለች፣
የአንሙትን መረብ ተልትላ ጎጆ ትሠራለች፤
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እጄ ያልነካውን፣
የቆሮሶ ቅርፊት ቋጠሮው ላይ የደረቀውን።

አንሙት ባሌ ነበር።
ሦስት ልጅ ቀብረው ነው እናቱ ያን ስም ያወጡለት፤
ስሙ ግን አልሰማም፣ ሞት ሲመጣበት።
መድኃኒቱ በወሬ እንጂ በእጅ ሳይገባ፣
የደንገል ታንኳው ሳይበሰብስ እሱ ቀድሞ አፈር ገባ።
ትርፌ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ምጥ ላይ አንድ ክኒን ዋጥሁ፣
ለሷ ጠብታ ሰጧት፤ ወረቀቱ እስኪመጣ ጠበቅሁ።
«ነፃ ናት» አሉኝ። ስሟን ትርፌ አልሁ።

ትናንት ከፔዳ መጣች፣ ነጭ ጋዋኗን አንጠልጥላ፤
ዓሣ ስበልት ተቀመጠች፣ እንደ ልማዷ ከኋላ።
«እማዬ» አለች፣ «አይጥ አለች፣ ከሩቅ አገር ቤተ ሙከራ፣
መከላከያ ሳይኖራት የተፈጠረች፣ ነፋስ እንኳ የምትፈራ፤
ልጅ ሲወለድ ከእትብቱ የተረፈ ደም ይቀዳል፣
ከዚያ ዘሩ ተለቅሞ መቅኒዋ ውስጥ ይዘራል፤
ወራት ቆይቶ ደሟ ውስጥ የሰው ወታደር ይቆማል።
ያኔ ነው ቫይረሱን የሚሰጧት።
የአይጥ ደም አይነካም እሱ፣ የሰው ብቻ ነው ምኞቱ፤
እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚደበቅ ሊያዩ፣
ክኒኑ ቀድሞ በሩን ይዘጋ እንደሁ ሊለዩ፤
በሴትነቷ በኩል ነው፣ ልክ አንቺን እንዳገኘሽ—»
ብላ ዝም አለች።
ቢላዋዬ ቆመ።
ከሐይቁ የጀልባ ሞተር ተሰማ፣ ራቀ።

«እትብት?» አልኋት።
«እትብት፣ እማዬ።»

የኛ ሰው እትብቱን ከጓሮው፣ ከጌሾው ሥር ነው የሚቀብር፤
አገርህ ወዴት ነው ሲሉት፣ ያችን መሬት የሚናገር።
ያቺ አውራ ጣት የማታህል፣ ቀይ ዓይኗ የሚያበራ፣
የማን ልጅ እትብት ተቀብሮባት፣ የማን አገር ተብላ ትጠራ?

«ታዲያ ትድናለች?»
ትርፌ የዓሣውን ዓይን አየች።
«ሲያበቃ ትሞታለች፤ ውስጧን ሊያዩት ነው።
በቀስታ ነው የምታንቀላፋው።»
«ስምስ አላት?»
«ቁጥር አላት፣ ከጆሮዋ ላይ።»

ቁጥርማ እኔም አለኝ፤ ፈለገ ሕይወት፣ ካርዴ ላይ፤
ስሜን ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ፊቴን ጎረቤት እንዳያይ፣
ስንት ዓመት በሱ ተጠርቼ ከአግዳሚው ተነሣሁ፤
ከብልቃጤ ላይ ወረቀቱን በጥፍሬ ስንቴ ፋቅሁ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እናውቃለን፤
ሰው በታመመ አይጥ ስትመታ ግን፣ ምን ተረት አለን?

አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስልኬ ጮኸ።
ከጣና የሚመጣው ነፋስ የእንቦጭ ሽታ አለው።
ከመደርደሪያው ላይ ሁለት መድኃኒት፣ ጎን ለጎን፤
አንዱ በሷ በኩል የመጣልኝ፣ አንዱ ለሷ የገዛሁት፤
መብራት የለም፤ የቱን እንደያዝሁ በጣቴ ዳሰስሁት።
የኔን ዋጥሁ፣ በውሃ።

ከአልጋው ሥር ቅርጥ፣ ቅርጥ ትላለች።
የአንሙትን ቋጠሮ አንድ በአንድ ትፈታለች።
ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሲባል እስቅ ነበረ፤
ድንቢጧ እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ አፌ በምን ታሰረ?
«እቴ» አልኋት፣ ዝቅ ብዬ፣ «ይህ መረብ የሰው ነው፤
ከተረፈው ዓሣ ብዪ።»
ዝም አለች።
ከዚያ ደግሞ ጀመረች።

ዛሬ አልሰጣትም።
ነገ እንጃ።