ሦስተኛ ማርሽ

ሶማሌ ተራ፣ ደመናው ሲከብድ፣
ሙዘይን ከላዳዬ ሥር ወጣ ጣቱን ዘርግቶ፤
በጥቁሩ ዘይት ላይ ብልጭ የሚል ደቃቅ ነገር።
«ወርቅ ነው?» ብለው ሳቀ፤
«የካምቢዮህ ናስ ነው፣ ከቀለበቱ የተፋቀ።»

አምና ከሸምሱ ሱቅ ውዱን ሲንተቲክ ገዝቼ፣
ለዲፈረንሻል የተባለውን ለካምቢዮም ሞልቼ፣
«ዘይት ያው ዘይት ነው» ብዬ...
አምስት ቁጥሩ ለኋላ፣ አራት ቁጥሩ ለፊት
መሆኑን ማን ይጠይቃል?

የኋላው ጥርስ ብረት ነው፣ ኃይለኛ መድኃኒት ይወዳል፤
ናሱ ግን በዚያው መድኃኒት ይበላል።

ጠዋት ጠዋት በቸርችል ዳገት
ሦስተኛ ሳስገባ ስትጮህ፣
ተሳፋሪው እኔን ሲያይ፣ እኔ መንገዱን ስወቅስ፣
ለካ እኔው ነኝ ጥርሷን ያስነከስኳት።

አሁን ሁለት ጣሳ ይዤ ቆሜያለሁ፣
«ፊት»፣ «ኋላ» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌባቸው።
አሮጌው ወደ ባልዲው ይወርዳል፤
ሰሙ ቀድሞ፣
ወርቁ ከሥሩ።